ልጣጩ ድንች የሚመስለው አፕል ጣና ዳር ያፈራል ወይ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። በጓሮ አትክልት ገጻችሁ ላይ አንድ አንባቢ «ልጣጩ ቡናማና ሸካራ የሆነው የእንግሊዞች የድሮ አፕል ባሕር ዳር፣ ግቢዬ ውስጥ ብተክለው ይሆናል ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር። የተሰጣቸው መልስ ባንድ መስመር ያለቀ ነው፦ «አዎ፣ ይበቅላል»። መብቀሉንስ ማን ከለከለው? አፕል ጣና ዳር ቢተከል ቅጠል ያወጣል፣ ይረዝማል፣ ጥላም ይጥላል። ጠያቂው ግን የፈለጉት ፍሬ ይመስለኛል፤ ለጥላ ከሆነ ዋርካ መች ጠፋና። ችግኝ ለመግዛት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቢያነበው ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። እንግሊዞች ይህን ልጣጩ ቡናማና ሸካራ የሆነ አፕል ራሴት ይሉታል፤ ራሴት ግን የአንድ አፕል ስም አይደለም። ሰርገኛ ጤፍ እንደምንለው በመልኩ የተጠራ ነው፤ በውስጡ ብዙ ዝርያ አለ። ኤግሬሞንት ራሴት የእንግሊዝ ነው፤ በጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። አሽሚድስ ከርነል ከዚያ ይቀድማል፤ በ1700 ገደማ ግሎስተር ከተማ የተገኘ ነው። ሮክስበሪ ራሴት ደግሞ ከአሜሪካ፣ ከማሳቹሴትስ ነው፤ ዕድሜው ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደናል። እንግሊዞች እነዚህን ከምግብ በኋላ ጥሬውን ለሚበላው መድበዋቸዋል፤ ለማብሰያ የሚሆን ሌላ አፕል አላቸው። ሥጋቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሲገመጡ እንደ ተራው አፕል ውኃ አይረጩም። ኤግሬሞንት ሲታኘክ ለውዝ ለውዝ ይላል። አሽሚድስ ከርነል ኮምጠጥ ያለ ነው፣ መዓዛው ግን ቤት ይሞላል። ገበያ ላይ በሰም ተወልውሎ የሚያብለጨልጨውን አፕል ለለመደ ሰው የመጀመሪያው ጉርሻ ግራ ያጋባል፤ ሁለተኛው ያስማማል።

ሸካራነቱን ብዙ ሰው በሽታ ያደርገዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። አበባው ረግፎ ፍሬው የሽምብራ ፍሬ ሲያክል ልጣጩን የሚሸፍነው ሰም ስስ ነው። ፍሬው ሲፋፋ ሰሙ በጥቃቅኑ ይሰነጠቃል፤ ዛፉም ስንጥቁን የሚደፍነው ከሥር ቡሽ እያበቀለ ነው። የጠርሙስ ክዳን ከሚሠራበት ቡሽ ጋር ጠባዩ አንድ ነው። በራሴቶቹ ላይ ይህ በተፈጥሯቸው ያለ ስለሆነ ቡሹ ፍሬውን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ያለብሰዋል። ልጣጩ ለስላሳ የሆነውም አፕል፣ በተለይ ጎልደን ዴሊሸስ፣ አበባ ከጣለ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት እርጥበት፣ ውርጭ ወይም የመዳብ መድኃኒት ካገኘው በከፊል ቡሽ ያወጣል፤ በአንገቱ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት አሥሮ የሚታየው ይኸው ነው። ይበላል፣ አይጎዳም።

በሽታ መሆን አለመሆኑን በጥፍር መለየት ይቻላል። ቡናማውን ልጣጭ በጥፍር ጫፍ ፋቅ ሲያደርጉት ደረቅ ዱቄት ከወጣውና ሥሩ ያለው ሥጋ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ቡሽ ነው። ስካብ የሚባለው የሻጋታ በሽታ ግን ክብ ክብ፣ ወደ ጥቁር አረንጓዴ የሚያደላ ነጠብጣብ አለው፤ ቅጠሉም ላይ ያው ነጠብጣብ ይገኛል፣ ሲብስም ፍሬው ነጠብጣቡ ላይ ይሰነጠቃል። ቡሽ ቅጠል ላይ አይወጣም። ስለዚህ ፍሬው ላይ ከመወሰን በፊት ቅጠሉን መገልበጥ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አፕል የብርድ አገር ዛፍ ነው። ሲበርደው ይተኛል፤ ከተኛ በኋላ ደግሞ የሚነቃው በቂ ብርድ ከቆጠረ ብቻ ነው። ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሆኖ ባለፈው ሰዓት ነው። የእንግሊዝ አፕሎች በአብዛኛው ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ራሴቶቹም ከዚሁ ወገን ናቸው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ጎሕ ሲቀድ ጋቢ ያስደርባል። ረፋድ ላይ ግን ጋቢው ይወልቃል። ለዛፉ ችግሩ ይህ ረፋድ ነው፦ ቀኑ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሌሊት የተጠራቀመው ብርድ ከሒሳቡ ላይ ይቀነሳል። በተጨማሪ ሐይቁ ራሱ ሙቀት ይይዛል፣ ከዳርቻው አጠገብ ያለ ግቢ ራቅ ካለው ይልቅ ሌሊት ቶሎ አይቀዘቅዝም።

ብርድ የጎደለው አፕል ምልክቱ ግልጽ ነው። ቅርንጫፉ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይረዝማል፤ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ቅጠል፣ መሐሉ ራቁት። ከቅጠሉ ብብት ሥር ያሉት ዓይኖች (አዲስ ቅጠልና አበባ የሚወጣባቸው እብጠቶች) ሳይፈነዱ ይቀራሉ። አበባውም ባንድ ሰሞን ተጠራርቶ በመፍካት ፈንታ ሁለት ዛሬ፣ ሦስት ከወር በኋላ እያለ ይበታተናል፤ አንድ ዛፍ ላይ አበባና የደረሰ ፍሬ ጎን ለጎን ይታያል። እንዲህ ሲሆን የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው ጋር አይገጣጠምም፣ ንብም መጥታ የምታዳቅለው ታጣለች። ራቁቱን የቀረው ቅርንጫፍ ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ልጣጩ ይቃጠላል፤ ይሰነጠቅና ተባይ ይገባበታል። ኖራ በውኃ በጥብጦ ግንዱንና ፀሐይ የሚያየውን ጎን መቀባት ይህን ይከላከላል። ፍሬ ግን አያመጣም።

ታዲያ ራሴቱን የት? ሽቅብ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር መካከል ያለው የ900 ሜትር ልዩነት አምስት ዲግሪ ተኩል ይሆናል ማለት ነው። የጉና ግርጌ፣ የሰከላ ደጋ፣ የእንጅባራ ዙሪያ፣ ባጠቃላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለው አገር ለአፕል የተሻለ ነው። በደቡብ የአፕል አገር ሆና የታወቀችው ጨንቻም እንዲሁ ደጋ ናት። እዚያም ቢሆን ኢትዮጵያ የምድር ወገብ ጎረቤት መሆኗን መርሳት አይገባም፤ የእንግሊዝን የብርድ ወራት ደጋችን አይተካውም፣ ግን ዛፉን ያግዘዋል። ደጋ የሚተክል ሰው መጠንቀቅ ያለበት ከውርጭ ነው። አበባ ሁለት ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲደርስ ውስጡ ይጠቁራል። ብርድ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ስለሚፈስ ከሸለቆው ወለል ይልቅ ተዳፋቱ ወገብ ላይ መትከል ይሻላል። ባሕር ዳር ዘመድ፣ ሰከላ ደግሞ የቤተሰብ መሬት ያለው ሰው ራሴቱን እዚያ ያድርገው፤ መንገዱ እንደሆነ ሩቅ አይደለም።

ለባሕር ዳር ግቢ የሚሆነው ሌላ ነው። አና የሚባለው አፕል እስራኤል ውስጥ በኤይን ሸሜር ኪቡጽ ለሞቃት አገር ተብሎ የተዳቀለ ነው፤ ከ200 እስከ 300 ሰዓት ብርድ ይበቃዋል። ዶርሴት ጎልደን ከባሃማስ ደሴቶች የመጣ ነው፤ እሱ ከአናም ባነሰ ይረካል። ሁለቱ አንዱ ለሌላው የአበባ ዱቄት ይሰጣሉ፤ አናን ብቻውን መትከል ግማሽ ሥራ ነው። ሁለቱም ልጣጫቸው ለስላሳ ነው፤ ራሴት አይደሉም፣ ሲቀመጡም ቶሎ ይለሰልሳሉ። ይህን ሳልሸሽግ ልናገር፦ አና ከራሴት ጋር በጣዕም አይወዳደርም። ቢሆንም የሚያፈራ አና ከማያፈራ ኤግሬሞንት ይበልጣል።

ለእነዚህም ቢሆን ባሕር ዳር ላይ የሰው እጅ ያስፈልጋል፤ ቅጠል መመልመል ይባላል። አፕልን የሚያስተኛው የቀን ማጠር ሳይሆን ብርድ ነው። ብርዱ ከሌለ ዛፉ ሙሉ እንቅልፍ ውስጥ አይገባም፤ ዓይኖቹን አፍኖ የያዛቸው ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ በጊዜው ከተነሣ ዓይኖቹ ሳይተኙ ይፈነዳሉ። በኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ ባቱ የምትባል ከተማ አለች፤ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ሆና፣ ብርድ የሚፈልገውን ሮም ቢዩቲን በዚህ ብልሃት ታመርታለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ይለቀማል። ራሴት ወዳዶች ጥቂት ተስፋ ሊያደርጉ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ዝናቡ በመስከረም መጨረሻ እየሳሳ ሲሄድ በጥቅምት ውኃውን መቀነስ፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ለዛፉ ምንም አለማጠጣት። አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ግን ቅጠሉ ጠውልጎ እንዳይደርቅ አንድ ጀሪካን ውኃ መሐል ላይ ይሰጠዋል። ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ቅጠሉን በሙሉ መመልመል። በሙሉ ስል በሙሉ ነው፤ «ለዛፉ ትንፋሽ» ተብሎ አንድ ጎን የሚተወው ቅጠል የዚያን ጎን ዓይኖች አፍኖ ያስቀራል። እጅን ከቅርንጫፉ ጫፍ ወደ ግንዱ እየጎተቱ መላጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዓይኑ ያለው ልክ በቅጠሉ ዘንግ ብብት ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይነቀላል። ቅጠሉን በመቀስ ከዘንጉ ላይ መቁረጥና ዘንጉን መተው ይመረጣል፤ የቀረው ዘንግ በአሥር ቀን ውስጥ ቢጫ ሆኖ ራሱ ይወድቃል። ሦስት ዓመት ለሞላው ዛፍ ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ከተመለመለ ከሳምንት በኋላ ውኃውን በደንብ መስጠት ይጀመራል፤ ለዛፍ ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ በሳምንት አንዴ። ሁሉ ከተሳካ ዓይኖቹ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈነዳሉ። አናውና ዶርሴቱ ባንድ ቀን ይመልመሉ፤ ካልሆነ አበባቸው ይተላለፋል።

ቀኑን ለምን ኅዳር መጀመሪያ ላይ እንዳጠበቅሁት ልንገራችሁ። አና ከአበባ እስከ ፍሬ ከሦስት ወር ተኩል አይበልጥም፤ በታኅሣሥ ካበበ ለፋሲካ ሰሞን ይደርሳል። ራሴቶቹ ግን አዝጋሚ ናቸው። ኤግሬሞንት እንግሊዝ ውስጥ በሚያዝያ አብቦ የሚለቀመው በመስከረም ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ አምስት ወር። አሽሚድስ ከርነል ጥቅምትን ይጠብቃል። እነዚህ ባሕር ዳር ላይ በታኅሣሥ ቢያብቡ ግንቦት አጋማሽ ላይ ይደርሳሉ፤ በጥር መጨረሻ ካበቡ ግን የሰኔ ዝናብ ያገኛቸዋል። ቡሽ ልጣጭ እንደ ሰም አይለጠጥም፤ ድንገት ውኃ የጠጣ ፍሬ ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ይተረተራል፣ ከዚያ መበስበስ ነው።

ስለዚህ «ራሴት ካልሞከርሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» ለሚል ሰው ምክሬ ሙሉ ዛፍ አይግዛ ነው። ጤናማ አና ላይ ከራሴት የተቆረጠ ቅርንጫፍ ቀጥሎ ያዳቅል። ቅጥያው (የሚቀጠለው የራሴት ቁራጭ) የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ያለፈው ዓመት እድገት፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን ያለው ይሁን። ሁለቱም ወገን በሰያፍ፣ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ባለው አንድ ምት ይቆረጣሉ፤ ቢላዋው ምላጭ ካልሆነ ቆርጦ ሳይሆን ቀጥቅጦ ያልፋል፣ አይያያዝም። ከልጣጩ ሥር ያለችው ስስ አረንጓዴ ንጣፍ ከንጣፍ ጋር ቢያንስ ባንድ ጎን መግጠም አለባት፤ መሐል ለመሐል ማስቀመጥ ያምራል እንጂ ቅጥያው ከግንዱ ከቀጠነ አረንጓዴው አይገናኝም። በፕላስቲክ ጥብጣብ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለልና የቅጥያውን ጫፍ በቀለጠ የንብ ሰም መሸፈን ያስፈልጋል። ቅጥያ የሚሞተው ከሁሉ በላይ በድርቀት ነው፤ ከተቆረጠ ጀምሮ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ውስጥ ይቆይ። ወሩ ሲሞላ ጥብጣቡ ካልላላ ቅርንጫፉን አንቆ ይገድለዋል። አሽሚድስ ከርነል የአበባ ዱቄቱ መካን ስለሆነ ለሌሎች አይጠቅምም፣ ከሌሎች ግን ይወስዳል፤ አናና ዶርሴት አጠገቡ ካሉ ችግር የለም። አደራ፣ ከውጭ አገር ቅርንጫፍ በሻንጣ ይዞ መግባት አይሞከር። የዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የአፕልና የፒር ዛፍን እሳት እንደለበለበው የሚያደርቅ ፋየር ብላይት የሚባል የባክቴሪያ በሽታ የሚዛመተው በእንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ጭምር ነው።

ከዘር ማብቀልም አይረባም። የራሴት ፍሬ ተበልቶ ዘሩ ቢዘራ የሚበቅለው ራሴት አይደለም፤ ከእናቱም ከአባቱም የማይመስል አፕል ነው፣ እሱንም ለማየት ስድስት ሰባት ዓመት መጠበቅ አለ።

አፈር ላይ ባሕር ዳር ሁለት መልክ አላት። ቀዩ አፈር ላይ ግቢ ያለው ዕድለኛ ነው። ወደ ሐይቁና ወደ ፎገራ በኩል ያለው መረሬ ግን በክረምት ውኃ አቁሮ ሥሩን ያፍናል። ፈተናው ቀላል ነው፦ 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ማታ ውኃ ይሞላ፤ ጠዋት ላይ ውኃው እዚያው ካለ በዚያ ቦታ ጉድጓድ ውስጥ አፕል አይተከልም። 50 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የአፈር ጉብታ ተሠርቶ እሱ ላይ ይተከል። ይህ በተለይ ኤምኤም 106 በሚባለው ሥረ-ግንድ (ዝርያው የሚቀጠልበት፣ ሥሩን የሚሰጠው ታችኛው ግንድ) ላይ ለተዳቀለ ችግኝ የግድ ነው፤ አገራችን ውስጥ የተለመደው እሱ ሲሆን ጥጥ መሰል ክሽክሽ የሚባለውን ተባይ ሥሩ ላይ ይቋቋማል፣ ውኃ በቆመበት ግን አንገቱ ይበሰብሳል። ግንዱ ከመሬት በሚገናኝበት ልጣጩ ጠቁሮ፣ ሲፋቅ ከሥሩ ቡናማ ከሆነ ጉዳዩ ይኸው ነው። ኤምኤም 111 ድርቅና ክባድ አፈርን በተሻለ ይችላል፤ ዛፉ ግን ይገዝፋል።

ጉድጓዱ ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲሜትር፣ ከዛፍ እስከ ዛፍ አራት ሜትር። የላዩና የታቹ አፈር ለየብቻ ይወጣል፤ የላዩ ከአንድ ጆንያ ግማሽ በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ይመለሳል። ጥሬ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የተዳቀለበት እብጠት ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ መታየት አለበት፤ ከተቀበረ ላይኛው ወገን የራሱን ሥር ይሰዳል፣ ለሥረ-ግንዱ የተከፈለው ገንዘብም ከንቱ ይሆናል። ጉዝጓዝ ያስፈልጋል፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ። የእንቦጭ ነገር ብዙ ስለሚጠየቅ፦ ሳያብብ የተሰበሰበና በፀሐይ ክው ብሎ የደረቀ እንቦጭ ጥሩ ጉዝጓዝ ነው፤ ያበበው ግን ዘር ይዞ ስለሚሆን ግቢ አይግባ፣ ጎርፉ መልሶ ሐይቁ ይከተዋል።

ቅርንጫፍ ማጎንበስ ከመግረዝ ይቀድማል። በእኛ ሙቀት ብዙ የተገረዘ አፕል የሚመልሰው ፍሬ ሳይሆን ሌላ ረጅም ዘንግ ነው። ችግኙ ሲተከል ከ70 እስከ 80 ሴንቲሜትር ላይ ይቆረጣል፤ ከሚወጡት ሦስት ወይም አራት ጥሩ ቅርንጫፍ ተመርጦ፣ ገና ለጋ ሳሉ በክር ወደ መሬት ካስማ ታስረው ጎንበስ ይላሉ። ኤግሬሞንት ሽቅብ የማደግ ጠባይ ስላለው ይህ ይበልጥ ይመለከተዋል። እሱ ፍሬ የሚይዘው በአሮጌው እንጨት ላይ በሚወጡት አጫጭር ጉጦች ነው፤ «ደረቅ እሾህ» መስለዋቸው የሚለቅሟቸው አትክልተኞች የሚቀጥለውን ዓመት ፍሬ እያጸዱ ነው።

ፍሬው ለውዝ ሲያክል ከየዘለላው አንድ ብቻ ይቀርና ሌላው ይነሣ፤ በፍሬና በፍሬ መካከል አንድ ጭብጥ ያህል ክፍተት ይኑር። ያሳዝናል፣ ግን ራሴት በተፈጥሮው አነስ ያለ ነው፤ ካልሳሳ እንቁላል አያክልም። ኤግሬሞንት ስካብን በደንብ ይችላል፤ ደካማ ጎኑ ቢተር ፒት የሚባለው ነው። ከልጣጩ ሥር ሥጋው ላይ ቡናማ፣ ስፖንጅ የመሰለ፣ የሚመር ነጥብ ይወጣል። ተባይ አይደለም፤ ካልሲየም ፍሬው ሳይደርሰው ሲቀር ነው። ካልሲየም የሚጓዘው በውኃ ስለሆነ አንድ ሳምንት ጠጥቶ ሁለት ሳምንት የተጠማ ዛፍ ላይ ይበዛል፤ ዩሪያ የበዛለት ዛፍም ቅጠሉ ካልሲየሙን ይሻማል። ውኃውን አለማቆራረጥ ዋናው መድኃኒት ነው። ለጭማሪ 5 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ በአንድ ሊትር ውኃ ተበጥብጦ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ፀሐይ ሳትከር ማለዳ ፍሬው ላይ መርጨት ይቻላል። በበጋ ለጋው ቅጠል ላይ ዱቄት መሰል አመዳይ (የሻጋታ በሽታ ነው) ከታየ ጫፉን ቆርጦ ማቃጠል። ጥጥ መሰሉን ክሽክሽ በሳሙና ውኃ በብሩሽ ማሸት። ከዚህ ያለፈ መድኃኒት ለሁለት ዛፍ አያስፈልግም።

መድረሱን ራሴት በቀለም አያሳይም። ፍሬውን መዳፍ ላይ አስቀምጦ ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉት በቀላሉ ከተላቀቀ፣ ሲሰነጠቅም ዘሩ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። እርግጠኛ ለመሆን ከፋርማሲ የሚሸጠውን ለቁስል የሚሆን አዮዲን መጠቀም ነው፤ ፍሬው ለሁለት ተከፍሎ የተቆረጠው ፊት ሲቀባ ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ ስታርቹ ገና ስኳር አልሆነም፤ መሐሉ ነጭ ሆኖ ዙሪያው ብቻ ከጠቆረ ይለቀማል። የተቀባው አይበላም።

አቀማመጡ ላይ ራሴት ከሌላው ይለያል። የቡሹ ልጣጭ ውኃ አይይዝም፤ ጠረጴዛ ላይ በሰሃን የተቀመጠ ራሴት በባሕር ዳር ሙቀት ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እንደ አሮጊት ጉንጭ ይሸበሸባል። አልተበላሸም፤ ተሸብሽቦ ጣፋጭነቱ የሚጨምርላቸውም አሉ። ለማቆየት ግን ጥቂት ቀዳዳ ባለው ላስቲክ ውስጥ ሆኖ ፍሪጅ ይግባ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር እርጥብ ሰጋቱራ በሞላ ካርቶን ውስጥ፣ ፍሬ ከፍሬ ሳይነካካ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል።

አንድ አቤቱታ አለኝ፤ ለችግኝ ሻጮች ሁሉ ነው። «አፕል ነው» ተብሎ የሚሸጥ ችግኝ ማንነቱ አይታወቅም። ዝርያው፣ ሥረ-ግንዱና የተዳቀለበት ወር ካልተጻፈ ገዢው ለመረሬ የማይሆን ሥር ለመረሬ፣ ለደጋ የሚሆን ዝርያ ለጣና ዳር ይወስዳል፤ ስህተቱ የሚታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ጋዜጣችሁ ይህን ደጋግሞ ቢያነሣ ከአንድ የ«ይበቅላል» መልስ የበለጠ ይጠቅማል። ሲጻፍም በማርከር ፕላስቲክ ላይ አይሁን፤ ፀሐይ ባንድ በጋ ያጠፋዋል። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ጣት የምታክል ቁራጭ ተቆርጣ፣ ጽሑፉ በምስማር ጫፍ ተጭሮባት፣ በላላ ሽቦ ቅርንጫፍ ላይ ትንጠልጠል፤ ሽቦው ቅርንጫፉ ሲወፍር እንዳያንቀው በየዓመቱ ቅጠል ሲመለመል ይላላ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፍራፍሬ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር